«ሥራ አልነበራቸውም» የተባለችው እናቴ ናት

«የቤት እመቤት ስለነበሩ ሥራ አልነበራቸውም።»

ባለፈው ሳምንት እናቴን ስንቀብር፣ የሕይወት ታሪኳ ላይ ይህ ዓረፍተ ነገር ተነበበ። እኔ ጽፌ የሰጠሁት «ከ50 ዓመት በላይ ሠርተዋል» ይል ነበር። ታሪኩን ያነበበው ሰው ሳይነግረኝ ሰርዞ የራሱን ተካበት። በኋላ ለምን ብዬ ጠየቅሁት። «ሥራ ማለት እኮ ደመወዝ ያለው ነው። ሰው እንዳይሳሳት ብዬ ነው» አለኝ። በክፋት አልነበረም። እኔን ያንገበገበኝም ይኸው ነው። ክፋት ቢሆን ንቄ እተወው ነበር።

ሥራ ደመወዝ ያለው ብቻ ነው? እስቲ እንየው። ልጄን የምትይዝ ሞግዚት ብቀጥር ሞግዚቷ ሠራተኛ ናት። የዕረፍት ቀን አላት። ሲያማት ትቀራለች። እናቴ ያችኑ ልጅ አራት ዓመት ስትይዝ ግን «ቤት ነው ያለችው» ነበር የምትባለው። ልጅቷ ያችው ናት። ለቅሶዋም፣ ሌሊት የሚነሳባት ትኩሳትም ያው ነው። ሁለት ጎረቤታሞች አያቶችን አስቡ። ሁለቱም የየራሳቸውን የልጅ ልጅ ይይዛሉ፤ ሁለቱም ሥራ የላቸውም ይባላል። ነገ ተቀያይረው አንዷ የሌላዋን የልጅ ልጅ ብትይዝ፣ አንዷ ለሌላዋ እኩል ደመወዝም ብትከፍል፣ ሁለቱም በአንድ ቀን ሠራተኞች ሆነው ያድራሉ። አንድ ጠብታ ላብ አልጨመሩም። ታዲያ ምኑ ተለወጠ?

እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አርተር ፒጉ ነገሩን ያነሳው ከ100 ዓመት በፊት ነው። አንድ ሰው የቤት ሠራተኛውን ቢያገባት የአገር ገቢ ይቀንሳል አለ። ሴትየዋ ያንኑ ቤት ትጠርጋለች፣ ያንኑ ልብስ ታጥባለች፤ ከሂሳቡ ግን ትወጣለች። ይህ እየታወቀ ዛሬም የአገሮች አጠቃላይ ምርት ሲሰላ፣ እናት ለቤተሰቧ ያበሰለችውና ያሳደገችው አይገባበትም። «ሥራ» የሚለውን ቃል በተመለከተ ግን ክርክሩ አልቋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ዓለም አቀፍ የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጄኔቫ ላይ ተሰብስበው፣ ለቤተሰብ ያለ ክፍያ የሚሰጥ አገልግሎት ሥራ ነው ብለው ደንግገዋል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ እንዲህ ዓይነቱ ያልተከፈለበት ሥራ በቀን 16.4 ቢሊዮን ሰዓት ይደርሳል። ከሦስት አራተኛ በላዩን የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው። ይህ ሁሉ ሰዓት መቀመጥ ነው?

«የእናት ሥራ ፍቅር ነው፤ ሥራ ብሎ መጥራት ያረክሰዋል» የሚሉም አሉ። ሐኪም ሙያውን ስለወደደ ሥራ ፈት ተብሎ ያውቃል? ፍቅር ልብስ አያጥብም። ልብስ የሚያጥበው እጅ ነው። የእናቴን እጅ አውቀዋለሁ። የቀኝ ሌባ ጣቷ ጫፍ በመርፌ ብዛት ደድሮ፣ ትኩስ ነገር ስትነካ አይሰማትም ነበር። መርፌዋ ሁልጊዜ ክሯ ተጠምጥሞባት ቀሚሷ አንገት ላይ ትሰካለች። ቁልፍ የወለቀበት ልጅ ካየች እዚያው አቁማ ትሰፋለታለች፤ ክሩን በጥርሷ ትበጥሰውና «በል ሂድ» ትለዋለች። ማታ ሁላችንም ስንተኛ የምሰማው የመጨረሻ ድምፅ የእሷ ሳህን ማጠብ ነበር። ጠዋት ስነቃ የምሰማው የመጀመሪያውም የእሷ ነው። መቼ እንደምትተኛ እስካሁን አላውቅም። ጠይቄያትም አላውቅም፤ ይህ ይቆጨኛል።

እኔ ራሴ ቢሮ የዋልኩት እሷ ቤት ስለዋለች ነው። ልጄ ስታተኩስ በእጇ ጀርባ አንገቷን ዳብሳ «ሂጂ፣ እኔ አለሁ» ትለኝ ነበር። ያኔ ከ70 ዓመት አልፏታል፤ ጉልበቷ ደረጃ መውጣት አስቸግሯታል። በወሩ መጨረሻ የደመወዝ ወረቀቴ ላይ የሚወጣው ግን የእኔ ስም ብቻ ነው። ያን ደመወዝ ሁለት ሰው ሠርቶ አንድ ሰው ፈርሞበታል።

እናቴ ገንዘብ አልጠየቀችም፤ እኔም አልጠይቅላትም። የምጠይቀው አንድ ቃል ነው። እሱንም በቀብሯ ቀን፣ የልጅ ልጆቿ ቆመው እየሰሙ ተነጠቀች። ልጄ ወደ እኔ ዞር ብላ «አያቴ ሥራ አልነበራትም እንዴ?» አለችኝ። ለዚህች ልጅ ማን ይመልስላት?

የመቃብሯ ድንጋይ ገና አልተጻፈበትም። ዘመዶች «የተወደዱ እናትና አያት» ይበል ብለዋል። እኔ ከሥሩ «ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠሩ» የሚል ይጨመር ብያለሁ። ቦታ አይበቃም ከተባለ «የተወደዱ» የሚለው ይውጣ። መወደዷንማ ማንም አልካደም።