ልጆቻችን አደይ አበባን መቼ ይዩት?

ልጆቻችንን በውጭ አገር የምናሳድግ ሰዎች አገር ቤት የምንገባው ትምህርት ሲዘጋ፣ በክረምት ነው። እስቲ ካላንደር አውጡና አብረን እንቁጠር። በቨርጂኒያዋ ፌርፋክስ ትምህርት የሚጀመረው ኦገስት አጋማሽ ላይ ነው። ስዊድንም እንደዚያው። ሜሪላንድ በብዙ ቦታ በኦገስት መጨረሻ፣ እስራኤል ሴፕቴምበር 1፣ እንግሊዝ በሴፕቴምበር የመጀመሪያ ቀናት። እንቁጣጣሽ ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ደመራ 26፣ መስቀል 27። ልጅ ያለው ሰው አገሩ የሚገባው ሰማዩ ሲጠቁር ነው። ዝናቡ ቆሞ መስኩ ቢጫ ሊለብስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሻንጣውን ይዞ ቦሌ ይሰለፋል። በየዓመቱ! አያት "ምናለ እንቁጣጣሽን አብረን ብንውል" ስትል የሚመልስላት የለም።

በሌላ ጊዜ ኑ የሚል ሰው አይጠፋም። መቼ? የፈረንጆቹ የገና ዕረፍት በጃንዋሪ የመጀመሪያ ቀናት ያልቃል፤ የእኛ ገና ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ነው። ለጥቂት ቀን ያመልጣል። ፋሲካ በ2025 ገጥሞልን ነበር፣ ሁለቱም ኤፕሪል 20 ዋሉ። በ2027 ግን የእነሱ ማርች 28፣ የእኛ ሜይ 2 ነው። ሙስሊም ቤተሰቦችም ከዚህ አላመለጡም። በ2023 አረፋ ጁን መጨረሻ ላይ ስለዋለ ለብዙዎች ተመችቶ ነበር፤ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም አሁን ሜይ ውስጥ ገብቷል፣ ትምህርት ሳይዘጋ።

"ልጆቹን ከትምህርት አስቀርታችሁ በመስከረም አምጧቸው" የምትሉ ዘመዶች፣ ከልባችሁ እንደሆነ እናውቃለን። ግን እንግሊዝ ውስጥ ያለ ፈቃድ ልጅ ያስቀረ ወላጅ ከኦገስት 2024 ጀምሮ ቅጣቱ 80 ፓውንድ ነው፤ በ21 ቀን ካልተከፈለ 160 ይሆናል። የሚቆጠረውም በእያንዳንዱ ወላጅና በእያንዳንዱ ልጅ ነው። እናት፣ አባትና ሦስት ልጅ ማለት 480 ፓውንድ፣ ገና ትኬት ሳይቆረጥ። ጀርመንም ይቀጣል። ደግነቱ ባየርን ውስጥ የክረምቱ ዕረፍት ከኦገስት መጀመሪያ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ገደማ ስለሆነ ሙኒክና ኑርንበርግ ያላችሁ እንቁጣጣሽን ውላችሁ የመመለስ ዕድል አላችሁ። እባካችሁ ተጠቀሙበት።

አሜሪካ ደግሞ የወላጁ ፈቃድ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ቀጣሪ የዓመት ፈቃድ ከነክፍያው እንዲሰጥ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም፤ ብዙ ሰው የሚያገኘው ሁለት ሳምንት ነው። ከሁለቱ ሳምንት ላይ ለመሄጃና ለመመለሻ ሦስት አራት ቀን ቀንሱ። የቀረው ለቅሶ ለመድረስም አይበቃ።

ታዲያ በክረምት በሚመጣባት በዚያች ጥቂት ቀን ልጁ ምን ያያል? ዝናብ። አዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ እያንዳንዳቸው በአማካይ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባሉ። ቀን ከ20 እና 21 ዲግሪ ብዙም አይዘልም፣ ሌሊቱ ወደ 10 ይወርዳል፣ ቤቱ ማሞቂያ የለውም። 33 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ሆኖ ሻንጣ የሚያዘጋጅ ወላጅ ቁምጣና ሰንደል ይከታል፤ ልጁ በሦስተኛው ቀን ያስነጥሳል። የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ሙሉ አይደርቅም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የዝናብ ጃኬት፣ አንድ ቦት ጫማ፣ ሁለት ሹራብና ቢያንስ ሰባት ጥንድ ካልሲ ያዙ። ገጠር አያት ጋ ለመሄድ ያሰባችሁ መንገዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በበጋ መኪና የሚገባበት ጭቃ ሆኖ ይዘጋል፣ ዘመዱም እርሻ ላይ ነው።

ከዝናቡ በላይ የሚያንገበግበው ግን ማዕዱ ነው። የሰኔ ጾም ሐምሌ 5፣ ማለትም ጁላይ 12 ይፈታል። ፍልሰታ ነሐሴ 1፣ ኦገስት 7 ይገባል። ዶሮ ተሠርቶ ከአያት ጋር አንድ ትሪ ላይ መብላት የሚቻለው በእነዚህ 26 ቀናት ነው፣ ከእነሱም ረቡዕና ዓርብ ይቀነሳል። የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት በጁላይ ሦስተኛና አራተኛ ሳምንት ስለሆነ ከለንደን ለሚመጣ ልጅ የቀረችው ሁለት ሳምንት ብቻ ናት። ኦገስት 8 የሚደርስ ሰው አያቱን ቤት አያገኛትም፤ ከሰዓት ቅዳሴ ላይ ናት፣ ምናልባትም ሱባኤ ገብታለች። ይህን ሳያዩ ትኬት መቁረጥ ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ይቆጫል። ፍልሰታ ውስጥ ለሚመጡ ነሐሴ 13 ቡሄ አለላቸው፣ ኦገስት 19። ወንዶቹ ከሰፈር ልጆች ጋር ሆያ ሆዬ ይበሉ፣ ሙልሙሉንም ይቅመሱ። የአገር ቤት ልጆችም ትምህርት ስለተዘጋላቸው ያኔ ሁሉም ሰፈር ውስጥ ናቸው፤ የአክስትና የአጎት ልጆች በደንብ የሚተዋወቁትም በዚህ ወቅት ነው፣ ይህን መካድ አይቻልም።

ስንቁስ? ናፍቆት ዓመቱን የሚታገሠው በበርበሬና በሽሮ ነው፣ ክረምት ደግሞ የበርበሬ ጠላት ነው። ዛላው ተቀንጥሶ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በበሶብላና በጤና አዳም ፍሬ ተደልዞ ፀሐይ ላይ መሰጣት አለበት። በሐምሌ ፀሐይ የለም። ላዩ የደረቀ የሚመስለው ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይፈጫል፣ ሻንጣ ውስጥ ይታመቃል፣ በወሩ ይሻግታል። የእናት ድካም ቆሻሻ መጣያ ሲገባ ማየት ምን ያህል እንደሚያም ያየ ያውቀዋል። ስለዚህ በየካቲትና በመጋቢት ደውላችሁ አስቀድማችሁ አሠሩ። ወፍጮ ቤት የሚኬደው ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ይሁን፤ ከወፍጮ የወጣ በርበሬ ትኩስ ነው፣ በትኩሱ ፌስታል ውስጥ ከታሰረ እንፋሎቱ ወደ ውኃ ተለውጦ ያበላሸዋል። አንድ ሌሊት ተዘርግቶ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ሁለት ሁለት ኪሎ እያደረጋችሁ በድርብ ፌስታል እሰሩት።

ወደ አሜሪካ የምትመለሱ ዱቄት የሆነ ነገር በእጅ ሻንጣ አትያዙ። ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ፍተሻው ላይ ሊያስቀሩት ይችላሉ፤ ሚዛን ላይ በሚገባው ሻንጣ ይሂድ። ቋንጣ ግን በየትኛውም ሻንጣ አሜሪካ አይገባም። አውሮፓ የምትገቡ ደግሞ ቋንጣውንም፣ ቅቤውንም፣ አይቡንም ተዉት። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በመንገደኛ እጅ መግባት ክልክል ነው፣ ምንም ያህል ቢነጠር።

ትኬቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። አምስት መቀመጫ በአንድ ጊዜ ስትፈልጉ ሲስተሙ አምስቱም የሚገኙበትን ዋጋ ብቻ ያሳያል። በርካሹ ዋጋ የቀረው ሦስት ወንበር ከሆነ አምስታችሁም በውዱ ትከፍላላችሁ። መጀመሪያ ለአንድ ሰው፣ ከዚያ ለሁለት፣ ለሦስት እያላችሁ ሞክሩ፤ ልዩነት ካለ ሁለት ቦታ ከፍላችሁ ቁረጡና አየር መንገዱ እንዲያያይዘው ጠይቁ። ጭን ላይ የሚሄድ ሕፃን ጉዞው መሐል ሁለት ዓመት ከሞላው ለመመለሻው የራሱ ወንበር ያስፈልገዋል፤ ይህን ቦሌ ላይ የሰማ ወላጅ የሚከፍለው የዕለቱን ዋጋ ነው።

በሪያድ፣ በዱባይና በቤሩት ሰው ቤት ለሚሠሩ እህቶቻችን ይህ ሁሉ ወሬ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ኮንትራታቸው ሁለት ዓመት ነው፤ መሄጃቸውን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው አሠሪው ነው። ቤተሰቡ ለዕረፍት ሲሄድ እነሱ ሥራ ይዘው ይከተላሉ ወይም ቤት ይጠብቃሉ። ካላንደር መርጦ መናደድ ለእነሱ ቅንጦት ነው።

ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች ግን ገና ጊዜ አላችሁ፣ ይህን ቀድሞ የሚነግር ሰው አለመኖሩ ያናድዳል። እንግሊዝ ውስጥ የትምህርት ግዴታ የሚጀምረው ልጁ አምስት ዓመት ከሞላው ቀጥሎ ባለው ተርም ነው፤ በጀርመንና በስዊድን በስድስት ዓመት ገደማ። ከዚያ በፊት ቅጣት የለም፣ የዕረፍት ሰሞን ትኬትም ግድ አይሆንም። ልጁን በሦስትና በአራት ዓመቱ ለጳጉሜን አድርሱትና መስቀልን ውላችሁ ተመለሱ። በእኛ አቆጣጠር በ2019 ጳጉሜን 6 ቀን ናት፣ ስለዚህ የ2020 እንቁጣጣሽ የሚውለው ሴፕቴምበር 12፣ 2027 ነው። ፈቃዳችሁን ከአሁኑ ጠይቁ።