ለክራሩ ናይሎን ይሁን፣ የማሲንቆውን ጭራ ግን አትንኩ

«ከፕላስቲክ ቧንቧ የተሠራ ዋሽንት ዋሽንት አይደለም» የሚለው ክርክር ደሴ ላይ ሙዚቃ ወዳዶች በተሰበሰቡበት አይጠፋም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ክርክሩ ዘግይቷል። ክራር ጅማቱን ለናይሎን ከለቀቀ ቆየ እኮ! ስማቸው ከወሎ ምድር ጋር የተሳሰረው የአምባሰልና የባቲ ቅኝቶች በናይሎን ክር ሲደረደሩ ፊቱን ያጠቆረ አድማጭ አላጋጠመኝም። ጊታርም ቢሆን ክሩ የእንስሳ አንጀት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንጀቱ ለቁስል መስፊያ ሲፈለግ እጥረት መጣ፤ ናይሎን ተተካ፤ ስፔናዊው ጊታር ተጫዋች ሴጎቪያም ተቀብሎ ተጫወተበት።

ዋሽንትን ያየን እንደሆነ፣ ድምፁን በዋናነት የሚወስነው ውስጡ ያለው አየር ነው፤ ርዝመቱ፣ ስፋቱና የቀዳዳዎቹ ቦታ። ግድግዳው ሸምበቆ ሆነ ፕላስቲክ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ሸምበቆ ደግሞ አንዱ ከሌላው ስለማይገጥም ለእያንዳንዱ አዲስ ልኬት ይፈልጋል። የቧንቧ ስፋት ግን አንድ ነው፤ አንዴ በትክክል የተለካውን መድገም ይቻላል። አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ በአንድ ድምፅ እንዲነፋ ከተፈለገ ከዚህ የቀለለ መንገድ አይታየኝም። የባቲ ከተማ ሙቀትም አይሰነጥቀውም።

ማሲንቆ ላይ ስደርስ ግን እልኸኛ ነኝ። የፈረስ ጭራ ለእጅ የለሰለሰ ይምሰል እንጂ ላዩ ሻካራ ነው፤ ሙጫ ይይዛል። ደጋኑ ክሩን ያዝ ለቀቅ ሲያደርገው ነው ድምፁ የሚወጣው። ናይሎን ይንሸራተታል። አዝማሪው ሲገዘግዝ ያ ሆድ የሚያባባ ድምፅ የሚመጣው ከዚያች ሻካራነት ነው፤ እሷ ከሄደች ሙያውም አብሮ ይሳሳል። ደጋው ወሎ ላይ ፈረስ መቼ ጠፋ?

ቆዳው ላይ ልቤ ሁለት ነው። ክረምት ሲገባ የከበሮውም የማሲንቆውም ቆዳ እርጥበት ይጠጣና ይላላል፤ እሳት ዳር ማሞቅ ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለምዕራባውያን ከበሮ የመጣው የፖሊስተር ሽፋን ከዚህ ይገላግላል፤ ግን ድምፁ ይሰላል። ለሠርግ ባንድ ይሁን፤ ለመንዙማ ድቤ ግን ያ የታፈነ ወፍራም ድምፅ ያስፈልጋል።

ቧንቧውን ቀለም ቀብቶ «ሸምበቆ ነው» እያለ ለእንግዳ የሚሸጥ ካለ ግን አልከራከርለትም። ገዢው ምን እንደያዘ ይነገረው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይሁን።