የማይነኩ ካርታዎች

ካርታ የሚሰበስብ ሰው ቁማርተኛ እንዳይመስላችሁ። በዓለም ላይ ካርታ የማይጫወት ሰው ካለ እሱ ነው። ቁማርተኛ ካርታውን ይበውዛል፣ ያሻል፣ ሲበላ ጠረጴዛው ላይ ያጮኸዋል። ሰብሳቢ ግን ጓንት አጥልቆ በጠርዙ ይይዘዋል። እናንተ እጃችሁን ከዘረጋችሁማ ትንፋሹ ይቆማል።

ለንደን ውስጥ የማውቃቸው አንድ ጡረተኛ እንዲህ ናቸው። ሳሎናቸው በካርታ መጫኛ ተሞልቷል። መጫኛው ትንሽ የእንጨት ሳጥን ነው፤ ከላዩ ብሎን አለው። ካርታው ይገባል፣ ብሎኑ ይጠብቃል፣ ካርታው ተጨፍልቆ ያድራል። ያለ ምክንያት አልነበረም። የድሮ ካርታ ወረቀት በወረቀት ላይ በሙጫ እየተለጠፈ ይሠራ ስለነበር እርጥበት ሲያገኘው ይጎብጣል። የጎበጠ ካርታ ደግሞ ምስጢር አይጠብቅም። ኮንከር የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል። ካርታው ሲያረጅ ጆከሩ ከጀርባው ይለያል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያሸንፈው ዕድለኛው ሳይሆን ዓይነ ስሉ ነው።

የዛሬ ካርታ እንደ ድሮው አይጎብጥም፤ ላዩ ይቀባል፣ ጭራሽ ከፕላስቲክም ይሠራል። ስለዚህ መጫኛው ሥራ ፈታ። ሥራ ሲፈታ ዋጋው ተሰቀለ። (በሰው ላይ ይህ ሲሆን አላየሁም።)

«ውስጡ ካርታ አለ?» አልኳቸው።

«ኧረ በፍጹም! ካርታው ይጎዳል!»

ከመጫኛው ይልቅ የሚኮሩት ግን በስፔድ አስ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ካርታ ግብር ይከፈልበት ነበር። አሱን የሚያትመው ራሱ መንግሥት ነበር፤ አስ ያለበት ካርታ ግብሩ ተከፍሎበታል ማለት ነው። ሪቻርድ ሃርዲንግ የሚባል ሰው ይህንን አስ አስመስሎ በማተሙ እ.ኤ.አ. በ1805 ተሰቀለ። ለአንዲት ካርታ! ግብሩ የቀረው በ1960 ነው። ሽማግሌው አሱን በመስታወት ከተው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። የግብር ደረሰኝ እንዲህ ሲከበር ያየሁት እሳቸው ቤት ብቻ ነው።

ታሮት ላይ ስንደርስ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኔም ፈርቼ ነበር፤ የጠንቋይ ዕቃ መስሎኝ። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ የተጀመረ ተራ የካርታ ጨዋታ ነው። የሚላኖ መሳፍንት በወርቅ አስለብጠው በእጅ ያሠሩት ነበር። ከእነዚያ አንዱ፣ የቪስኮንቲና የስፎርዛ ቤተሰብ የሚባለው፣ ከ78ቱ 74ቱ ዛሬም አሉ። እነሱም ተበታትነው ከፊሉ ኒውዮርክ፣ ከፊሉ ቤርጋሞ ነው። ከጎደሉት ካርታዎች አንዱ «ሰይጣን» የሚባለው ነው። የት እንደሄደ የሚናገር የለም።

ከ300 ዓመት በላይ ሰው እየተጫወተበት፣ እየተበላበት፣ እየተጣላበት ኖረ። በ1781 ኩር ዴ ዤብላን የሚባል ፈረንሳዊ ተነሣና «ይህ የጥንት የግብፅ ጠቢባን መጽሐፍ ነው» አለ። ማስረጃ አልነበረውም። ግን ጊዜውን አውቆበታል። ሻምፖሊዮን የግብፅን ጽሑፍ መፍታት የቻለው በ1822 ነው፤ እስከዚያ ድረስ «ዋሽተሃል» የሚለው ከየት ይመጣል? ብዙም ሳይቆይ አልዬት የተባለ፣ የገዛ ስሙን ከኋላ ወደ ፊት ጽፎ ኤቴያ ይባል የነበረ ሌላ ፈረንሳዊ በታሮት ዕድል እየነገረ ይከፈለው ጀመር። ስም መገልበጥ ደንበኛ ያመጣል ማለት ነው። ሲኒ ገልብጣ የምታነብ አክስት ያለን ሰዎች ግን ብዙ ባንስቅ ይሻለናል።

ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠውን ታሮት የሣለችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ናት። ካርታው የወጣው በ1909 ነው። እሷም ለወዳጇ በጻፈችው ደብዳቤ ሥራው ብዙ፣ ክፍያው ጥቂት እንደሆነ ነግራዋለች። ካርታው ግን ለረጅም ጊዜ የተጠራው በአሳታሚውና ባሠራት ሰው ስም ነው። በ1951 ስትሞት ገንዘብ አልነበራትም። የሰውን ሁሉ ዕድል የሚናገር ካርታ ለሣዓሊዋ አንድ ቃል አልተነፈሰላትም። አሁን ሽማግሌው ለመጀመሪያው እትም ያወጡትን ገንዘብ ለባለቤታቸው አልተናገሩም፤ እኔም አልናገርም።

ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ ታሮትን ቁጭ ብለው ይጫወቱታል። ይህን ለሽማግሌው ሳነሳባቸው ፊታቸው ጠቆረ። «በእጃቸው?» አሉ።

አንድ እሑድ ሰብሳቢ ጓደኞቻቸው ተሰበሰቡ። ሻይ ተጠጣ፣ ስለ ሙጫና ስለ ወረቀት ተወራ፣ ከዚያ ወሬ አለቀ። ዝናቡ አያስወጣም። የልጅ ልጃቸው «አያቴ፣ ለምን ካርታ አንጫወትም?» አለ። ቤቱ ፀጥ አለ። በመቶ የሚቆጠር ካርታ ያለበት ቤት ውስጥ የሚጫወቱበት አንድ ካርታ ጠፋ። ልጁ በዝናብ ሮጦ ከማዕዘኑ ሱቅ አዲስ ካርታ ገዝቶ መጣ። ላስቲኩን ሊቀድ ሲል ሽማግሌው ከወንበራቸው ተስፈንጥረው ተነሡ።

«እንዳትከፍተው! እንደታሸገ ይበልጣል!»