ቀስ ብለሽ ተናገሪ

እኛ ሆድን የምናከብር ሰዎች ነን። የምንወደውን ሰው «ሆዴ» እንላለን። ምሥጢር ሲከብደን «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። ሆድ ደረቀ ሲባል ግን ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

እኔም ለአራት ወር ለማንም ሳልናገር በሆዴ ያዝኩት። ችግሩም እሱ ነበር፤ በሆዴ መያዙ።

በመጨረሻ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። «በሳምንት ስንቴ ይወጣሉ?» አለኝ።

«ኧረ እኔ መውጣት አላበዛም። ከሥራ ወደ ቤት ነው።»

«ሽንት ቤት ማለቴ ነው።»

«አንዴ። ሲቀናኝ ሁለቴ።»

በሳምንት ከ3 በታች ሆኖ ወራት ካስቆጠረ ሥር የሰደደ ድርቀት ነው አለኝ። ከዚያ ሆድ ላለው ሰው ሁሉ የሚታዘዘውን አዘዘ፦ የሰገራ ምርመራ። የላቦራቶሪዋ ልጅ ትንሽዬ ዕቃ ሰጠችኝና «ጥቂት ይበቃል» አለችኝ። እህቴ፣ ጥቂት ቢኖረኝ መቼ እዚህ እመጣ ነበር?

መጀመሪያ የታዘዘልኝ ላክቱሎስ የሚባል ሽሮፕ ነው። ፋርማሲ ተሰለፍኩ። ከኋላዬ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የዕድራችን ዳኛ። ፋርማሲስቷ ጠርሙሱን ከፍ አድርጋ «ጋሼ! ይቺ ለድርቀት ናት! ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ የሾርባ ማንኪያ! ቶሎ ካልመጣ አይደንግጡ፤ እስከ ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላል!» አለችኝ። የዕድሩ ዳኛ ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ። ልማድ ነው መቼም።

ላክቱሎስ ጣፋጭ ነው። አንጀት የማይፈጨው የስኳር ዓይነት ስለሆነ እንዳለ ታች ወርዶ ውሃ ይስባል፤ የደረቀውንም ያለሰልሳል። ታች ያሉት ባክቴሪያዎች ግን ድግስ የተጠሩ ይመስላቸዋል። እነሱ ሲበሉ ለባለቤቱ የሚተርፈው ጋዝ ነው። በሁለተኛው ቀን ለቅሶ ነበረብኝ። ድንኳኑ ሞልቷል። ሰው ሁሉ ዝም ብሏል። ከዚህ በላይ አልናገርም። የዕድሩ ዳኛ ብቻ ዞር ብለው አዩኝና አንገታቸውን መለሱ፤ እግዜር ይስጣቸው።

ሁለተኛው ቢሳኮዲል ነው። ትንሽ ክኒን ናት፤ ግን አንጀትን በጅራፍ ነው የምትነዳው። ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትሠራለች። ይቺን መቁጠር የሚያስፈልገው ሰው በተለይ በሚኒባስ ታክሲ የሚሄድ ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ከዋጥካት ጥሪው ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። መገናኛ ሰልፍ ላይ ከደረሰብህ ደግሞ ተራ ልቀቁልኝ ብትል ምክንያቱን ይጠይቁሃል። እኔ ይባስ ብዬ በወተት ዋጥኳት። ክኒኗ አንጀት ሳትደርስ እንዳትፈታ ሽፋን አላት፤ ወተት ያንን ሽፋን ቀድሞ ያሟሟዋል። ቁርጠቱን ለጠላቴም አልመኝም።

ሦስተኛው በመቀመጫ በኩል የሚገባው ነው። ከሁሉም ፈጣኑ እሱ ነው፤ ከሩብ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት። ይሄን ስትሰጠኝ ያቺው ፋርማሲስት ለመጀመሪያ ጊዜ አፈረች። አንገቷን ደፍታ የሆነ ነገር አንሾካሾከች። አልሰማኋትም። ድገሚልኝ ማለትም አፈርኩ። ቤት ገብቼ ውሃ ቀዳሁ። ለመዋጥ ትንሽ ወፈረብኝ። ባለቤቴ ወረቀቱን ባታነብልኝ ኖሮ ይሄን ወግ አልጽፍም ነበር። ሴትየዋ መጮህ በሌለባት ቀን ጮኻ፣ መጮህ ባለባት ቀን ዝም ማለቷ እስካሁን ይገርመኛል።

አያቶቻችን እንዲህ አልነበሩም። ኮሶ ለድርቀት ባይሆንም፣ ለሆድ ትል ነውና፣ በየሁለት ወሩ ይጠጡት ነበር። እንግዳ ሲመጣ «ጌታው ኮሶ ጠጥተዋል» ይባላል፤ እንግዳውም በክብር ይመለሳል። ዛሬ አለቃህ ጋ ደውለህ «ቢሳኮዲል ውጫለሁ» በል እስቲ።

ወሬው ቡና ላይ ሳይደርስ አልቀረም። አክስቴ ተልባ አዘዘች። ጎረቤቷ ፓፓያ አለች። ሌላዋ የጉሎ ዘይት ስትል ሁለቱ ጮኹባት። ተልባው እውነት አለው፤ ግን ውሃ በደንብ ካልጠጡበት እሱም ያደርቃል። ሦስቱ ሲከራከሩ ከቨርጂኒያ የመጣችው የአክስቴ ልጅ ቦርሳዋን ከፈተች።

እሷ የምትወስደው ሊናክሎታይድ ነው። ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት በባዶ ሆድ ይዋጣል። አሜሪካ በ2012 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የተፈቀደ ነው። ስለ መድኃኒቶቹ ስታወራ የኳስ ተንታኝ ትመስላለች። ሉቢፕሮስቶን በ2006 የገባ አንጋፋ ነው፤ ግን ያቅለሸልሻል፣ ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። ፕሩካሎፕራይድ በ2018 መጨረሻ የተፈቀደ ነው፤ የአንጀትን ጡንቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። የሷ ደግሞ ውሃ ያስገባል፤ ሲበዛ ግን በተቃራኒው ያስሮጣል። «ታዲያ እንዴት መረጥሽ?» አልኳት። «እኔ መች መረጥኩ? ኢንሹራንሴ ነው። መጀመሪያ ርካሹን ሞክረሽ እምቢ ካለሽ ነው ውዱን የምንከፍለው አሉኝ።»

አክስቴ ሳቀች። «እኔስ ምን አልኩ? ተልባ!»

ከሷ ዕቃ አንድ ፍሬ ልትሰጠኝ ነበር። ለሷ የታዘዘ ነው ብዬ እምቢ አልኩ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ በማግስቱ መንገደኛ ስለነበርኩ ነው።

ስመለስ ወደዚያችው ፋርማሲ ሄድኩ። ሰው አልነበረም። ፋርማሲስቷ መዝገቧን ዘጋ አድርጋ «ጋሼ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አለችኝ። ማንም ያልጠየቀኝን ነው የጠየቀችኝ።

«የለም። ማለቴ፣ ለወገቤ ሌላ ሐኪም ያዘዘልኝ ትራማዶል አለ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አራት... አራት ወር።»

ዝም ብላ አየችኝ። ትራማዶል አንጀትን እንደሚያስተኛና ሆድ እንደሚያደርቅ ነገረችኝ፤ በራስዎ አያቋርጡ፣ ለሐኪምዎ ይንገሩ አለችኝ። በመካከለኛ ድምፅ።

ከዚያ አክስቴ ቤት ገባሁ። ቡናው ሁለተኛ ላይ ደርሷል። ነገሩን ከወገቤ ጀምሬ አስረዳኋቸው።

«ወገብህን ደግሞ ምን ነካህ?» አለች አክስቴ፣ ሲኒዋን አስቀምጣ።

ጎረቤቷ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። ሌላዋ «የጉሎ ዘይት» አለች።