እርማት፦ በረኪናና አቼቶ አይቀላቀሉም

«በረኪና ሳይበረዝ ከአቼቶ ጋር ተቀላቅሎ ወለል ላይ ከፈሰሰ ጀርም የሚባል አይተርፍም» የሚለው ምክር ሁለት ስህተት አለበት፤ አንደኛው ሆስፒታል ያደርሳል።

በረኪና አሲድ ሲነካው የክሎሪን ጋዝ ይለቃል። አቼቶም፣ ሎሚም፣ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድም ለዚህ ያው ናቸው። መስኮት በሌለው ጠባብ መታጠቢያ ቤት ጋዙ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ሲበዛም ሳንባ ይጎዳል። ሽታው ሲያፍን «እየሠራ ነው» የሚሉ አሉ፤ አዎ፣ የሚሠራው ግን ሳንባዎ ላይ ነው።

ሁለተኛው መጠኑ ነው። 5 በመቶ የሆነ በረኪና 20 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 4 የሻይ ማንኪያ፣ ለ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃል። ሙቅ ውሃ ኃይሉን ይቀንሰዋል። አስቀድሞ በሳሙና ማጠብና ማለቅለቅ ግድ ነው፤ ክሎሪኑ ቆሻሻው ላይ ካለቀ ለጀርሙ የሚተርፍ የለም። ከዚያ ቀብቶ 10 ደቂቃ መተው። ወዲያው ከተወለወለ ልፋት ብቻ ነው። የተበረዘው በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋ። ሃይላንድ ውስጥ ደግሞ በፍጹም አይቀመጥ፣ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።

ይህም የሚያስፈልገው ለሽንት ቤት፣ ትውከት ወይም ተቅማጥ ለነካው ቦታና ጥሬ ሥጋ ለተከተፈበት ጣውላ ነው። ለሳሎን ወለል ሳሙናና ውሃ በቂ ነው፤ አብዛኛው ባክቴሪያ አይጎዳንም፣ አንጀታችን ውስጥ ያሉት እንዲያውም ቫይታሚን ኬ ይሠሩልናል።