«ይለማመዳሉ» ያለኝን ሰውዬ ያያችሁ

እናንተዬ፣ ዛሬ ስለ ዶሮ ልጮህ ነው። የታክሲ ሰልፉን፣ የዘይቱን ዋጋ፣ የመብራቱን ነገር ሌላ ሰው ይጩህልኝ። እኔን ሦስት ሳምንት ሙሉ ያንገበገበኝ ዶሮ ነው።

ግቢያችን ውስጥ አራት የሀበሻ ዶሮዎች ነበሩን። ለፋሲካ ሁለቱ ድስት ገቡ። የቀሩት ገብስማዋና ወሰራዋ ናቸው። እንቁላሉ ሲያንስብኝ «ሁለት ቄብ ልጨምር» ብዬ ተነሳሁ። ሁለት ቦቫንስ የሚባሉ የፈረንጅ ዶሮዎች ገዛሁ። ቀይ፣ ለስላሳ፣ የዋህ። «ከነባሮቹ ጋር አይጣሉም?» ብዬ ሻጩን ጠየቅኩት። ሰውዬው ብሩን እየቆጠረ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ «ኧረ ይለማመዳሉ» አለኝ።

ይለማመዳሉ!

ቤት ደርሼ ከካርቶኑ አወጣኋቸውና ግቢው መሐል ለቀቅኳቸው። ገብስማዋ ጥሬዋን ትታ ቀና አለች። አንገቷን አሰገገች። ከዚያ እየተንደረደረች መጥታ የአንደኛዋን አናት ነቆረቻት። ልጅቷ ጮኸች፣ ሮጠች፣ ጥግ ገባች። ጥጉ መውጫ የለውም። እዚያው አስጠግታ ቀጠቀጠቻት። «መናቆር» የሚለውን ቃል አማርኛችን ከማን እንደወሰደው የገባኝ ያን ቀን ነው። ወሰራዋ ደግሞ በራሷ ጠብ የላትም። አለቃዋ ስትመታ ብቻ እሷም ከኋላ መጥታ አንዴ መታ ታደርጋለች። መሥሪያ ቤት የዋለ ሰው ይህችን ዓይነቷን ያውቃታል።

ማታ ላይ አንደኛዋን ቄብ ከውኃ በርሜሉ ኋላ ተወሽቃ አገኘኋት። ቀኑን ሙሉ እህል ውኃ አልቀመሰችም። ጭራዋ ሥር ላባዋ ተነቅሎ ደም ይታያል። ደም ደግሞ በዶሮ ቤት አታድርስ ነው። ቀይ ነገር ይስባቸዋል። ያቺኑ ቁስል እየተቀባበሉ ነቁረው ሊገድሏት ይችላሉ። ብታምኑም ባታምኑም፣ አብራት በአንድ ካርቶን የመጣችው ጓደኛዋ ራሷ መጥታ ቁስሏን ነቆር አደረገቻት! በጨው ውኃ አጥቤ ጂቪ የሚባለውን የቁስል መድኃኒት ቀባሁላት። ወይን ጠጁ ቀለም ቀዩን ይሸፍነዋል። እኔም እጄ ለአራት ቀን ወይን ጠጅ ሆኖ ሥራ ዋልኩ።

ከዚያ መካሪው በዛ። ወንድሜ፣ «ገብስማዋን አሳርጃት፣ 12 ብልት ሆና ትገላግልሻለች» አለ። እሱ ሁሉንም ችግር በበርበሬ ነው የሚፈታው። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ፣ «የኔ ልጅ፣ ማታ ቆጥ ላይ አስቀምጫቸው፣ ጠዋት አብረው ያደጉ ይመስላቸዋል» አሉኝ። ዶሮ በጨለማ ብዙም አይታያትም፣ ስለዚህ ሌሊቱ በሰላም ያልፋል። እውነታቸውን ነው፣ ሌሊቱ በሰላም አለፈ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ጦርነቱ ተጀመረ። ዶሮ እኮ ጓደኛዋን በመልክ ትለያለች። የማታው ዘዴ የሚሠራው ቀድመው ለቀናት ከተያዩ በኋላ ነው። ይህን ግን የነገረኝ የለም።

በማግስቱ ነው ልብ ብዬ ያየሁት፦ የቦቫንሶቹ ምንቃር ጫፉ ተቆርጧል። ብዙ እርባታዎች ጫጩት ሳሉ ይቆርጡላቸዋል፣ ታጭቀው ሲያድጉ እርስ በርስ እንዳይጎዳዱ ብለው። እንግዲህ እኔ ምንቃሯ የተቆረጠውን የዋህ ሙሉ ምንቃር ካላት፣ ድመት ስታባርር ካደገች የሀበሻ ዶሮ ጋር ነው ያጋፈጥኳት። ደግሞ ቆጥ የሚባል አያውቁም። መሬት ላይ ተነጥፎላቸው ያደጉ ናቸው። ሲመሽ ነባሮቹ ዘለው ይወጣሉ፣ እነሱ በሩ ላይ ቆመው እኔን ያያሉ። «አሁን ምን እናድርግ?» የሚሉ ነው የሚመስለው። እየያዝኩ ማውጣት ሥራዬ ሆነ።

ንዴቴን ለማብረድ ማንበብ ጀመርኩ። ቶርሌይፍ ሼልደሩፕ-ኤበ የሚባል ኖርዌያዊ ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮዎችን ሲያይ ኖሮ በ1921 እ.ኤ.አ. ስለ ማዕረጋቸው ጽፏል። ማን ማንን እንደሚነቁር ተራ አላቸው። አንዴ ከተወሰነ ጠቡ ይበርዳል፣ ዓይን ዓይኗን ማየት ብቻ ይበቃል። አዲስ ሲመጣ ወይ አንድ ሲጎድል ግን ተራው እንደገና ይወጣል። እኔ ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት አርጄ ሁለት ጨመርኩ። መንግሥት ገለበጥኩባቸው ማለት ነው።

ቆይ፣ ጥፋቴንም ልናገር። መጀመሪያውኑ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻ ማቆየት ነበረብኝ። ለጠቡ ብቻ አይደለም፣ ለፈንግልም ነው። ፈንግል ከገባ ገብስማ የለ፣ ቦቫንስ የለ፣ ሁሉንም ጠርጎ ይሄዳል። ሻጩ «ተከትበዋል» ብሎኛል። ያው «ይለማመዳሉ» ባለበት አፉ።

ታዲያ ከባዶ ጀመርኩ። የዶሮ ሽቦ ገዝቼ ግቢውን ለሁለት ከፈልኩት። ይተያያሉ፣ ይሰማማሉ፣ አይነካኩም። ገብስማዋ ሦስት ቀን ሽቦውን ስትነቁር ዋለች። በአራተኛው ቀን ሰለቻት። ጀሪካን ቆርጬ ሁለተኛ መመገቢያ ሠራሁ፣ ሁለተኛ ውኃም አስቀመጥኩ፣ በተለያየ ጥግ። አንድ መመገቢያ ካለ አለቃዋ ላዩ ላይ ቆማ ትውላለችና። ያንን መውጫ የሌለውን ጥግ በአሮጌ በር አጋድሜ ዘጋሁት። ሥራ እንዲኖራቸው ጥቅል ጎመን በገመድ አንጠለጠልኩ። አመድ ደፋሁላቸው፣ ይንከባለሉበታል።

በአሥረኛው ቀን ሽቦውን ከፈትኩ። ወሰራዋ ምንም አላለች። ገብስማዋ ግን እንደገና! በዚህ ጊዜ የተነቆረችውን ሳይሆን ነቋሪዋን አወጣኋት። እስከዛሬ ተጎጂዋን እየለየሁ ነበር የምሳሳተው፣ እሷ በተመለሰች ቁጥር እንደ አዲስ እንግዳ ትቀጠቀጣለችና። ገብስማዋን አንስቼ ዕቃ ቤት፣ ከእህሏና ከውኃዋ ጋር፣ አራት ቀን። ጩኸቷ ሰፈሩን አናወጠው። «ምን ሆና ነው?» ላለኝ ሁሉ «ታስራ ነው» አልኩ።

ስትመለስ ሦስቱ ተስማምተው ጠበቋት። በሩ ላይ ቆመች። ግራ ቀኝ አየች። አንዷ ቦቫንስ፣ ያቺው ወይን ጠጅ ጭራ ያላት፣ ቀና ብላ አየቻት። ገብስማዋ አንዴ ነቆር አደረገቻትና ወደ አመዱ ሄደች። አንዴ ብቻ። እኔ መጥረጊያ ይዤ ቆሜ ነበር፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ለዶሮ!

አሁን ቆጡ ላይ ሁለቱ በአንድ ጫፍ፣ ሁለቱ በሌላው ጫፍ ያድራሉ። መሐሉ ባዶ ነው። እንቁላል? እሱን አታንሱብኝ። ጭንቀት ላይ ያለች ዶሮ መጣል ታቆማለች፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሱቅ ነው የምገዛው። ባለሱቁም «ዶሮ አላችሁ አይደል?» ይለኛል።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ወንድሜ ደወለ። ከገጠር የመጣ ዘመድ አንድ አውራ ዶሮ ይዞልን መጥቷል። «አምጥቼ ልልቀቀው? ይለማመዳል» አለኝ።

ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።