ክርክር፦ ሮም ሁለት ቀን ብቻ ያለው ሀበሻ የትኛው ፒያሳ ይሂድ?

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ለሁለት ቀን ሮም ገባ እንበል። ታዋቂዎቹን አደባባዮች፣ ናቮናን፣ ቅዱስ ጴጥሮስን፣ የስፔን ደረጃን ይዙር ወይስ የኛ ታሪክ ያለባቸውን? አንዷ ታዋቂዎቹን ትላለች፣ አንዱ የለም ይላል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እሷ፦ ሮም ሄዶ ናቮናን ሳያይ የተመለሰ ሰው ያሳዝነኛል። ሙዚየም ሰልፍ አለው ትኬት አለው፣ አደባባይ ግን ነፃ ነው ቀንም ማታም። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሂዱ፣ ጠራጊዎቹና ወደ ስራ የሚሮጡት ብቻ ናቸው ያሉት፣ የፏፏቴው ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ቅርፁ እንደዛ ረዘም ያለው ድሮ የሮማው ንጉሠ ነገሥት የዶሚሺያን ስታዲየም ስለነበረ ነው፣ ቤቶቹ የተሰሩት በሱ ላይ ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ደግሞ አርክቴክቱና ቀራፂው በርኒኒ 284 አምዶች በአራት ረድፍ አቁሞ፣ መሬቱ ላይ ምልክት ያለበት ቦታ ላይ ስትቆሙ አራቱም ረድፍ አንድ ሆኖ ይታያችኋል። ይሄንን ፎቶ አይሰጣችሁም።

እሱ፦ እህቴ ውበቱን አልካድኩም። ግን ከኤርፖርት ባቡሩ የሚያወርድሽ ዋናው ባቡር ጣቢያ፣ ተርሚኒ ነው አይደል? ፊት ለፊቱ ያለው ሜዳ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። እነማን መሰሉሽ፣ በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው! እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ሻንጣዬን እየጎተትኩ አቋርጬው አልፌያለሁ፣ አንድም ሰው አልነገረኝም፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ትንሽ ራመድ ስትይ መናፈሻ ውስጥ መታሰቢያቸው አለ፣ ከላይ ከግብፅ የመጣ ሐውልት፣ ከስር የሟቾቹ ስም። በወረራው ጊዜ ከለገሀር የዘረፉትን የይሁዳ አንበሳ እዚህ ስር ነበር ያስቀመጡት፣ ሀገሩ የገባው ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ይሄን ትቼ የስፔን ደረጃ ልሂድ? እዛ ከ2019 ጀምሮ መቀመጥ እንኳን ያስቀጣል። ናቮና ዳር ደግሞ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ ለሁለት ማኪያቶ የከፈልኩትን አልረሳውም።

እሷ፦ ወንድሜ ጣሊያን ሀገር ቡና ቆመህ ባንኮኒው ላይ ነው የሚጠጣው፣ ከተቀመጥክ ዋጋው ሌላ ነው። ውሃም አትግዙ፣ በየመንገዱ የብረት ቧንቧ አለ፣ ናዞኒ ይሉታል፣ ቀዝቃዛ ነው ንፁህ ነው።

የኛ ታሪክ ካልክ ግን ናቮና መሀል ቆመህ ቀና በል። የበርኒኒ የአራቱ ወንዞች ፏፏቴ፣ በ1651 ያለቀው፣ ከአራቱ ግዙፎች አንዱ አባይ ነው። ፊቱ በጨርቅ ተሸፍኗል፣ ምንጩ አይታወቅም ለማለት ነው ይባላል። አይታወቅም! ሰከላ ያለ ሰው ከመንደሩ አጠገብ የሚፈልቀውን ግሽ አባይን ያውቀው ነበር እኮ፣ ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው ኢየሱሳዊ ቄስ ራሱ በ1618 ሄዶ አይቶታል፣ ፏፏቴው ከማለቁ 33 ዓመት በፊት። እኔ እዛ ቆሜ እንባዬ ነው የመጣው፣ ያን ጨርቅ ሄጄ ብገልጠው ብዬ። እና ታዋቂው አደባባይ የኛ አይደለም የምትለው በምን ሂሳብ ነው?

እሱ፦ የአባዩን እቀበላለሁ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። ፖርታ ካፔናን ግን ምን ልታደርጊው ነው?

እሷ፦ እዛ ምን አለ? ሄጄ አይቼዋለሁ፣ መኪና የሚበዛበት መስቀለኛ መንገድ ነው፣ እንግዳ ሰው ምን ብሎ ይቆማል?

እሱ፦ ባዶነቱን ለማየት ነዋ! የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዛ ነው፣ በ2005 ነው ወደ ሀገሩ የተመለሰው፣ ጣሊያን ሀገር 68 ዓመት ሙሉ ቆይቶ። በ1960 ደግሞ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ፣ ማታ፣ ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን ሲሮጥ ቆይቶ ጥሎት የወጣው እዛ አካባቢ ነው፣ የተሰረቀው ሐውልታችን ፊት! ከዛ እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት፣ እሱ እስከጨረሰበት ድረስ፣ በእግር አስር ደቂቃ ቢሆን ነው። የሚቀጥለው ዓመት ልጄን ይዤ እሄዳለሁ፣ ያንን መንገድ አብረን ነው የምንሄደው፣ ጫማውን ላውልቅ ካለኝም አልከለክለውም።